የእርሻ ሥራም ኦቨርታይም አለው፦ ከአበባ እርሻ ያየሁትን ልንገራችሁ

ይህን የምጽፈው በአበባ፣ በአትክልት ወይም በፍራፍሬ እርሻ ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ሁሉ ነው። ሆለታ ይሁን ሰበታ፣ ቢሾፍቱ ይሁን ዝዋይ፣ ባሕር ዳርም ብትሆኑ ጉዳዩ አንድ ነው። ሥራ ሲበዛ ከመውጫ ሰዓት በኋላ ትቆያላችሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ግን የቆያችሁበት ሰዓት ደመወዛችሁ ላይ አይታይም፣ ወይም ታይቶም ግማሹ የለም። ስትጠይቁ መልሱ አይጠፋም። "ታርጌት አልሞላችሁም።" "ቦነስ ይሰጣችኋል።" "እርሻ እኮ ኦቨርታይም የለውም።" እኔ በአንድ የጽጌረዳ እርሻ መጀመሪያ ግሪን ሃውስ ውስጥ ቆራጭ ሆኜ፣ ቀጥሎ ግሬዲንግ ገብቼ፣ በኋላም የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አበባውን በእጄ ይዤዋለሁ፣ ፔሮሉንም (የደመወዝ መክፈያ መዝገቡን) ገልጬ አይቻለሁ። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ሕጉ ስለማይደግፈው አይደለም። የሠራበትን ሰዓት የጻፈለት ሰው ስለሌለ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ "እርሻ ኦቨርታይም የለውም" የሚባለውን ነገር እናንሳ። እኛ ጋ አንድ የውጭ ሀገር ማናጀር ነበር። ስብሰባ ላይ በአስተርጓሚ "በየትም ሀገር ለእርሻ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት አይታሰብም" አለን። ሰውየው ዝም ብሎ ከሜዳ አላመጣውም። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ የእርሻ ሠራተኛን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጪ አድርጎታል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉት በራሳቸው ሕግ ነው ነገሩን ያስተካከሉት፣ ካሊፎርኒያም ብትሆን ሙሉ መብቱን ደረጃ በደረጃ የሚሰጠውን ሕግ ያወጣችው በ2016 ነው። የእኛ ሀገር ሕግ ግን እንደዚያ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እርሻን ለይቶ ከሥራ ሰዓት ደንብ አላወጣም። የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ውጪ ናቸው፣ የንግድ ወኪሎችና ተዘዋዋሪ ሻጮች ደግሞ ከሥራ ሰዓቱ ክፍል ውጪ ናቸው። ጽጌረዳ የሚቆርጥ፣ ውኃ የሚያጠጣ፣ መድኃኒት የሚረጭ፣ ካርቶን የሚጭን ሰው ግን ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠራው ጋር እኩል ነው። ቋሚ መሆን አለመሆናችሁም ለውጥ አያመጣም። በጊዜያዊ ውል የገባውም፣ በቀን ሂሳብ የሚሠራውም ሰዓቱ ሲያልፍ ይከፈለዋል።

መሠረቱ አንቀጽ 61 ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። እዚያው ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራውን የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። ይቺ ለእኛ ለግሬዲንግ ሰዎች ትልቅ ነገር ነች። ግሬዲንግን ለማታውቁት፣ ከግሪን ሃውስ በባልዲ የመጣው አበባ ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል፣ በዘንጉ ርዝመት 40፣ 50፣ 60 ሳንቲሜትር እየተባለ ይለያል፣ ቅጠሉ ይራገፋል፣ 20 20 ሆኖ ይታሰራል፣ በካርቶን ይጠቀለላል፣ ከዚያ ኮልድ ሩም፣ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ይገባል። በቫለንታይን፣ በፍቅረኞች ቀን፣ ሰሞን ቆራጮቹ እስኪደርሱልን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቆመን የምንጠብቅበት ጊዜ ነበር። ማታ ደግሞ ቦሌ ካርጎ የሚሄደው መኪና እስኪመጣ ጫኞቹ ኮልድ ሩሙ በር ላይ ቁጭ ይላሉ። ሱፐርቫይዘሩ ያንን ጊዜ "ሥራ አልሠራችሁም" ብሎ ይቀንሰው ነበር። ግቢው ውስጥ ሆናችሁ፣ ሥራ እንደመጣ ልትነሡ ዝግጁ ሆናችሁ የጠበቃችሁበት ሰዓት የእናንተ የሥራ ሰዓት ነው። በሰርቪስ ከቤት የምትመጡበት ጊዜ ግን ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ እሱን እንደ ሥራ ሰዓት ይዛችሁ ብትከራከሩ ሌላውን እውነተኛ ጥያቄያችሁን ታዳክሙታላችሁ።

ከ8 ሰዓት ያለፈ ሁሉ ወዲያው ትርፍ ሰዓት ነው ማለት ግን አይደለም። አሠሪው የሚጠቀምባቸው ሁለት ሕጋዊ መንገዶች አሉ፣ እነሱንም ማወቅ ይሻላል። አንዱ በሳምንት ውስጥ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ ከሠራችሁ፣ ያጎደላችሁትን ሰዓት በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከል ይቻላል፣ ግን በቀን ከ2 ሰዓት በላይ መጨመር አይቻልም። ሁለተኛው በአማካይ ማስላት ነው። ሥራው በየሳምንቱ እኩል የማይከፋፈል ከሆነ ከአንድ ሳምንት በረዘመ ጊዜ ውስጥ በአማካይ ይሰላል፣ አማካዩ ግን ከ8 እና ከ48 መብለጥ የለበትም። አበባ ሥራው ወቅት ስላለው አሠሪዎች ይቺን ሁለተኛዋን ይወዷታል። "ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ በጊዜ ትወጣላችሁ፣ አሁን ደግሞ ትቆያላችሁ፣ ይቻቻላል" ይሏችኋል። እኛንም ብለውን ነበር። ጥያቄያችን አጭር ነበር። በጊዜ የወጣንበት ሰዓት የትኛው መዝገብ ላይ አለ? የቱም ላይ አልነበረም። በጊዜ መውጣቱ በወረቀት ካልታየ የሚቻቻል ነገር የለም፣ አማካይ የሚሠራው ሁለቱም ጎን ሲጻፍ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አንቀጽ 68 ላይ ያለው ተመን እንዲህ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዛችሁ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ በ2። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5። በድሮው አዋጅ፣ በ377/96፣ የቀኑ 1.25 የሌሊቱ 1.5 ነበር። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። አዲሱ አዋጅ ከወጣ በኋላም የድርጅቱ መመሪያ ላይ፣ ፔሮል በሚሠራበት ኤክሴል ላይ አሮጌው ቁጥር ሳይነካ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ማንም ተንኮል አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ዝም ብሎ ቀርቶ ይሆናል። ብቻ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው።

የሰዓት ደመወዝ እንዴት ይገኛል? እዚህ ላይ ነው ብዙው ብር የሚጠፋው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። በሳምንት 48 ሰዓት በዓመት 52 ሳምንት ስታባዙት፣ ለ12 ወር ስታካፍሉት 208 ይመጣል። በወር የምትሠሩት መደበኛ ሰዓት ይህ ነው፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ብትሉትም ያው ነው። 208 የሚለው ቁጥር ራሱ አዋጁ ላይ ተጽፎ አታገኙትም፣ ከ48 ሰዓቱ የሚወጣ ሂሳብ ነው። አንዳንድ ድርጅት ግን ወሩን 30 ቀን አድርጎ በ8 አባዝቶ በ240 ያካፍላል። የዕረፍት ቀናችሁን እንደ ሥራ ቀን ቆጠረው ማለት ነው፣ የሰዓቱም ዋጋ ይወርዳል።

በምሳሌ ይታይ። ደመወዛችሁ 3,120 ብር ነው እንበል። ለ208 ስታካፍሉት በሰዓት 15 ብር ነው። ለ240 ስታካፍሉት 13 ብር። የቀን ትርፍ ሰዓት በትክክለኛው ስሌት 15 በ1.5፣ ማለትም 22 ብር ከ50 ነው። አንድ ጊዜ እኛ ፔሮሉን ገልጠን ስናየው ግን በ240 ተካፍሎ በ1.25 ተባዝቶ ነበር የተቀመጠው፣ ሁለቱም ስሕተት ባንድ ላይ። በዚህ ምሳሌ ብትሄዱ ለሰዓት 16 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። በሳምንት 12 ሰዓት ለሠራ ሰው 270 ብር የነበረው 195 ይሆናል። በአራት ሳምንት 300 ብር ሄደ። ሦስት ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው 300 ብር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በቀን ሂሳብ የምትሠሩ ደግሞ ቀላል ነው፣ የቀኑን ክፍያ ለ8 አካፍሉት፣ የሰዓታችሁ ዋጋ እሱ ነው።

ሌሊት የሚሠሩትን አንርሳ። መስኖ የሚያጠጡ፣ ጥበቃዎች፣ ኮልድ ሩም ጫኞች። መደበኛ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ያለው በ1.5፣ ከ4 ወዲያ ያለው በ1.75 ነው የሚሰላው። አንድ ላይ ጨፍልቆ በ1.5 የሚከፍል ካለ ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ። ጥበቃዎች ደግሞ 12 ሰዓት ፈረቃ መሥራት በየቦታው እንደ ልማድ ተይዟል። ልማድ መሆኑ ከ8 ሰዓት በላይ ያለውን 4 ሰዓት ነፃ አያደርገውም።

እሁድን በተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ ይጋጫል። ሕጉ በየሰባት ቀኑ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ በመርህ ደረጃ እሁድ ነው። ግን ቢቋረጥ ጉዳት የሚያመጣ ሥራ ላይ ሌላ ቀን የዕረፍት ቀን ሊሆን ይችላል። አበባ እሁድ ነው ብሎ ማበቡን አያቆምምና ብዙ እርሻ ዕረፍቱን በፈረቃ ያደርገዋል። የእናንተ የዕረፍት ቀን ረቡዕ ከሆነ እሁድ መሥራታችሁ በ2 አይባዛም፣ ረቡዕ ከተጠራችሁ ግን ይባዛል። ስለዚህ የዕረፍት ቀናችሁ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲለጠፍ አድርጉ። ካልተለጠፈ በየሳምንቱ እንደሚመቻቸው ያዞሩታል። በዕረፍት ቀኑ የሠራ ሰው ምትክ ዕረፍትም ያገኛል፤ ምትኩን ሳያገኝ ውሉ ከተቋረጠ በገንዘብ ይታሰብለታል።

በዓልም እንዲሁ ነው። የአበባ ሥራ የሚጦፈው ጥምቀት ባለበት በጥር፣ ዓድዋ ባለበት በየካቲት ነው። ከፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን በፊት ጥምቀት አለ፣ ከማርች 8 የሴቶች ቀን በፊት ዓድዋ አለ። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ እያንዳንዱ ሰዓት በ2 ተባዝቶ ይከፈላል፣ በዚያው ቀን ከመደበኛው ሰዓት ያለፈው ደግሞ በ2.5። በዓሉ ከዕረፍት ቀናችሁ ጋር ከገጠመ ግን ክፍያው ተደራርቦ አይሰላም፣ በአንዱ ብቻ ነው። የወር ደመወዝተኛ በዓል ላይ ስላልሠራ ደመወዙ አይቀነስም። በቀን ሂሳብ የሚሠራው ግን በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ላይ እንደተጻፈው ነው የሚሆነው። የኅብረት ስምምነት ስትደራደሩ ይቺን ነጥብ አትለፏት።

አሁን ያ ያልኳችሁ ነገር፣ መዝገቡ። እኛ ጋ አቴንዳንሱ በወረቀት ነበር፣ ካቦዋ ናት የምትይዘው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን ታዞራለች፣ ሁላችንም "ወጥቻለሁ" ብለን እንፈርማለን፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛችን እንመለሳለን። አንዳንዴ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንቆያለን። ወረቀቱ ላይ ግን ሁላችንም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ነን። ሕጉ የትርፍ ሰዓት ትእዛዙንም እያንዳንዱ ሠራተኛ በትክክል የሠራውንም ሰዓት አሠሪው እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ግን የማይመዘግብ አሠሪ ካጋጠማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ከእኛ መሃል አንዲት ታላቃችን ነበሩ፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ብዙ ፊደል አልቆጠሩም። እሳቸው ናቸው "ልጆች፣ አንዳችሁ ደብተር ግዙ" ያሉት። የልጅ ደብተር ገዛን። በየቀኑ ከመሄዳችን በፊት፣ ሰርቪሱ ውስጥ ቁጭ እንዳልን፣ ቀኑን እንጽፋለን፣ የገባንበትን፣ የወጣንበትን፣ ማን እንደቆየ፣ "ቆዩ" ያለን ሱፐርቫይዘር ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራን። "ጥር 24፣ መግቢያ ጠዋት 1:00፣ መውጫ ምሽት 2:00፣ 50 እና 60 ሳንቲ ቀይ ስናስር ቆየን።" እንደዚያ ነው፣ አጭር። ሁለት ሰው ሥሩ ይፈርማል። ሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም ግሩፕ "ነገ ዕረፍት የለም፣ ሁላችሁም 12 ሰዓት" ብሎ ሲጽፍ ስክሪንሾት እናነሣለን። ይቺ ስክሪንሾት ምን ትሠራለች መሰላችሁ? ሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው ይላል። አሠሪዎች ሲከራከሩ የሚይዙትም ይህንኑ ነው፣ "እኔ አላዘዝኩም፣ ራሷ ቆየች፣ ታርጌቷን ልትሞላ ነው።" ትእዛዙ በጽሑፍ ሲገኝ ያ ክርክር አብሮ ይወድቃል። በር ተዘግቶ፣ ሰርቪሱ ሳይነሣ ቆይቶ ሠራተኛ ራሱ ፈልጎ ቆየ ማለት አይቻልም፣ ያንንም ጻፉት።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ይዘን ሰው ኃይል ገባን። እዚያ የሚሠራው ልጅ ፔሮሉን ከፈተ፣ "ኦቲ" የሚል ዓምድ ሥር አንድ ቁጥር አለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በስንት እንደተባዛ ግን የለም። "ሲስተሙ ነው ያሰላው" አለን። ጨዋ ልጅ ነበር፣ እኛም በጨዋ ደንብ ነው የጠየቅነው። አዋጁ የክፍያ መዝገቡ ላይ ጠቅላላው ክፍያና የተሰላበት መንገድ፣ የተቀነሰው ገንዘብና ምክንያቱ፣ የተጣራው ሁሉ እንዲጻፍ ያዛል። ሠራተኛው ሲጠይቅም አሠሪው መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ይህን ስንነግረው ስሌቱን አወጣው፣ ያ 240 እና 1.25 የታየው ያኔ ነው። የስሌቱ ስሕተት በሁለት ጊዜ ደመወዝ ተስተካከለልን። መዝገብ ላይ ያልነበረው ሰዓት ግን ክርክር ፈጀ፣ የወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደን ኢንስፔክተር መጥቶ ደብተሩን ከኮልድ ሩም መኪና መውጫ መዝገብ ጋር ካስተያየ በኋላ ነው አብዛኛው የተከፈለን። መኪናው ግቢውን የለቀቀበት ሰዓት የጥበቃ መዝገብ ላይ ነበር። አበባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከተጫነ፣ ያሰረው ሰው በ10 ሰዓት ቤቱ ሊሆን አይችልም። እናንተም ጋ እንዲህ ዓይነት ሁለተኛ መዝገብ አይጠፋም፣ የበር፣ የሰርቪስ፣ የካፌ እራት ኩፖን፣ የአሻራ ማሽን። የት የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

ብዙ ሰው "ፔሮሉ ላይ ፈርሜያለሁ፣ አበቃ" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አላበቃም። አንቀጽ 60 ላይ፣ ሠራተኛው መዝገቡ ላይ ያለውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ቀሪውን መብቱን እንደተወ አያስቆጥርም የሚል ነገር አለ። ስለዚህ ደመወዛችሁን ፈርማችሁ ውሰዱ፣ የጎደለውን ደግሞ ጠይቁ።

አበቃ የሚባለው በጊዜ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም በመጠየቂያ ጊዜው ማለፍ፣ ይታገዳል። ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በደመወዝ ቀን ስለሆነ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። አብራን የሠራች ልጅ በየካቲት መጨረሻ ሥራውን ለቃ ሀገሯ ገባች፣ የአዲስ ዓመት በዓልን አሳልፋ መስከረም ላይ ተመልሳ "የእኔስ?" አለች። ደብተሩ ላይ ስሟ ነበር፣ ፊርማዋም ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጊዜዋ አልፎ ነበርና ምንም ልናደርግላት አልቻልንም። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሥራ የምትለቁ ሰዎች፣ ሂሳባችሁን ሳትጠይቁ አትሂዱ።

ደግሞ ሰው ኃይል "እናየዋለን፣ ታገሡ" እያለ ወራት ሲያስቆጥር ይርጋው እየሄደ ነው። የቃል ተስፋ አያቆመውም። የሚያቋርጠው ጉዳዩን ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ "እንከፍላችኋለን" ሲሏችሁ "እባካችሁ በደብዳቤ" በሏቸው።

እምቢ ማለት ይቻላል ወይ? በመርህ ደረጃ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም። ሕጉ የፈቀደው አሠሪው ሌላ መላ ሊያገኝ በማይችልበት ጊዜ፣ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሰው ለመተካት ነው። እርሻዎቹ የሚጠቅሱት "አስቸኳይ ሥራ" የሚለውን ነው። እኔ በዚህ ላይ የራሴ ሐሳብ አለኝ። የተቆረጠ አበባ አይጠብቅም፣ እውነት ነው፣ ማታ ካልተጫነ ነገ ዋጋ የለውም። ግን የፍቅረኞች ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 14 ነው፣ ማንንም ድንገት አይዝም። ሰው አስቀድሞ ቀጥሮ መዘጋጀት ሲቻል በየዓመቱ ያንኑ ሠራተኛ እስከ እኩለ ሌሊት ማቆየት አስቸኳይ የሚያሰኘው አይመስለኝም። ቢሆንም በግል ተነሥቶ ጥሎ መውጣትን አልመክርም። በማኅበር ተነጋገሩ፣ ፈረቃ እንዲደረግ ጠይቁ። አስቸኳይ ነው ቢባል እንኳ ገደብ አለው፣ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 12 ሰዓት። ከዚያ በላይ ከሠራችሁ ደግሞ ጥፋቱ የአሠሪው ነው፣ "ከገደቡ ስላለፈ አንከፍልም" ሊላችሁ አይችልም።

ነፍሰ ጡር ሴት ትርፍ ሰዓት እንድትሠራ አይፈቀድም፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሌሊት ሥራም እንዲሁ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣቶችም ትርፍ ሰዓት፣ ሌሊት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል አይሠሩም፣ መደበኛ ሰዓታቸውም በቀን 7 ነው። እርሻ ላይ ሁለቱም ብዙ ናቸው። ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ የሐኪም ወረቀታችሁን በጊዜ አስገቡ፣ ኮፒውንም ያዙ።

ስለ ቦነስ ሁለት ቃል። ቦነስ ጥሩ ነው፣ ይስጡ። ግን ሕጉ ቦነስንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ለየብቻ ነው የሚያያቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ውላችሁ ላይ "ደመወዙ ኦቨርታይምን ይጨምራል" ተብሎ ቢጻፍም ውል ከሕጉ በታች ያነሰ መብት ሊሰጥ አይችልም። ከኦቨርታይሙ ላይ የሥራ ግብር መቆረጡ ግን ትክክል ነው፣ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው። የጡረታው 7 በመቶ ግን ከመደበኛ ደመወዝ ነው፣ ከትርፍ ሰዓቱ ላይ ሲቆረጥ ካያችሁ ጠይቁ።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። "ብጠይቅ ያባርሩኛል።" ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም ክስ ስለመሠረተ ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፣ አዋጁ በግልጽ አስቀምጦታል። ቢያሰናብቱ ግን ወደ ሥራ ለመመለስ የሚጠየቅበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው፣ ከክፍያው ያጠረ ነው፣ ተጠንቀቁ። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትግቡ የምለው። ደብተሩን ይዘን የገባነው ስድስት ሰባት ሆነን ነው፣ ማንን ለይቶ ያባርራል? ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ፣ ከሌላችሁ ማቋቋም መብታችሁ ነው፣ የኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ቅርንጫፍ ቢሮዎች እንዴት እንደሚቋቋም ያስረዷችኋል።

ከድርጅቱ ጋር ካልተግባባችሁ ወደ ወረዳችሁ ወይም ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ። የሥራ ሰዓትና የክፍያ የግል ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፣ ለዚህ ጉዳይ ከሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ስትሄዱ የሥራ ውላችሁን ወይም መታወቂያችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን ወይም የባንክ ደብተራችሁን፣ ያን የሰዓት ደብተር፣ የቴሌግራም ስክሪንሾቱን በወረቀት አትማችሁ፣ እና ቢያንስ ሁለት አብሮ የሠራ ምስክር ስም ያዙ። አቤቱታው ላይ "ኦቨርታይም አልተከፈለኝም" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በስንት መባዛት እንደነበረበት፣ ስንት ብር እንደተከፈላችሁና ስንት እንደቀረ በሠንጠረዥ አድርጉት። እኛ ያቀረብነውን ሠንጠረዥ ኢንስፔክተሩ ከፍቶ ሲያይ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ "ይህን ደብተር በየቀኑ ነው የጻፋችሁት ወይስ አሁን?" በየቀኑ ስለነበር እስክሪብቶው ይለያያል፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የአበባ ቅጠል ውኃ ፈሶበታል፣ አንዳንዱ በእርሳስ ነው። እንዳለ ሰጠነው፣ አልገለበጥነውም። እናንተም ለማሳመር ብላችሁ በንጹሕ ወረቀት አትገልብጡት፣ ዋናውን እንዳለ አስቀምጡት፣ ኮፒውን አስገቡ።